ፊቱን ስላላየሁት

የምዘናው ቅጽ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። የሚወዱት አስፈሪ ፊልም የትኛው ነው? የሚያስፈራዎትስ ለምንድን ነው? እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንኑ መልስ ጽፌያለሁ። ለመጀመሪያው «የእጅ ውሃ»፣ ለሁለተኛው «ፊቱን ስላላየሁት»።

ሥራዬ መፍራት ነው። መታወቂያዬ ላይ «የስጋት ባለሙያ» ይላል፤ ከመናኸሪያው ዘበኛ እስከ ተሳፋሪው ድረስ ሰው የሚጠራን ግን ፈሪ ብሎ ነው። የደሴው ፈሪ መጣ ወይ ይባላል። ፈሪዋ ሻይዋን ትጨርስና እንነሳለን ይባላል። መጀመሪያ ሰሞን ደሜ ይፈላ ነበር። ኋላ ለመድኩት፤ እንዲያውም አውቶቡሳችን ጀርባ ላይ በትልልቅ ፊደል «ፈሪ ለእናቱ» ብሎ ያጻፈው የራሳችን ማኅበር ሊቀ መንበር ነው።

አውቶቡሱ ራሱን ይነዳል። ከእኔ በተሻለ ይነዳል፤ ይህን እስከመካድ የሚያደርስ ትዕቢት የለኝም። የሚታየውን ሁሉ ያያል፤ ጉድጓዱን፣ አህያውን፣ መንገድ ዳር ቆሞ ለመሻገር የሚያመነታውን ሰው። የማይታየውን ግን አይፈራም። በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ሕግ ወጣ፤ ገደል ባለበት መስመር ሁሉ ከፊት ወንበር ላይ የሚፈራ ሰው ይቀመጥ ተባለ። ግራ እጄ ላይ ያለው አምባር ፍርሃቴን ለአውቶቡሱ ይነግረዋል። ስፈራ ቀስ ይላል፣ ስረጋጋ ይፈጥናል። በእጄ የምይዘው መሪ የለም፣ በእግሬ የምረግጠው ፍሬን የለም። ሥራዬ ተቀምጬ የጣርማበርን ገደል ማየት ብቻ ነው።

ቀላል ሥራ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል፤ ጣርማበርን እየወረድን ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ ፈራሁ። ጉም አልነበረም፣ ዝናብ አልነበረም። አገሩ ሁሉ ዝም ያለ መሰለኝ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። አውቶቡሱ መጎተት ጀመረ። ከፊት ያለው ሰሌዳ እንደ ደንቡ «ፍጥነት ቀንሰናል፤ ምክንያት፦ ፈሪ» ብሎ ጻፈ። ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ አንድ ባለ ኮፍያ ሰውዬ የዛሬዋን ደግሞ ከየት አመጧት አለ። ከመታጠፊያው ማዶ ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና መንገዱን አቋርጦ ገደል ገባ። በፊት ፍጥነታችን ብንሄድ ኖሮ ይዞን ይወርድ ነበር። ባለ ኮፍያው ደሴ ሲወርድ ጎንበስ ብሎ እጄን ሳመኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላል ያገሬ ሰው። እኛ እዚያ ወንበር ላይ የምንቀመጠው የፈራነው እንዳይደርስ ነው።

ባለፈው መጋቢት ግን እዚያው ጠመዝማዛ ላይ ስለ ሽንኩርት አስብ ነበር። ቤት አልቋል፣ ደሴ ገበያው ሳይበተን እደርስ ይሆን እያልኩ ነበር። ከላይ የተናደ ቋጥኝ መንገዱን ዘግቶታል። አውቶቡሱ ድንጋዩ ሲታየው ራሱ ቆመ፣ ሁለት ክንድ ሲቀረው። ከኋላዬ የተቀመጡ ጡረተኛ መምህር አፋቸው ከብረቱ ጋር ተጋጭቶ ሁለት የፊት ጥርሳቸው ወለቀ። ጥርሳቸውን በመሐረብ ጠቅልለው «ምንም አይደል ልጄ» አሉኝ። አምባሬ ሲመረመር በዚያች ደቂቃ የነበረኝ ፍርሃት ከመቶ አራት ሆኖ ተገኘ። አራት ማለት ምሳ በልቶ ሶፋ ላይ ጋደም ያለ ሰው ፍርሃት ነው። ማለፊያው አርባ ነው።

ለምዘና ጠሩኝ። አንድ ጊዜ ብወድቅ ሁለተኛ ዕድል አለኝ፤ ሁለተኛውን ብወድቅ ወንበሩን ለሌላ እለቃለሁ። ወንበሩን እወደዋለሁ። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ የት እንደምቀመጥ አላውቅም። ግን ያ መሐረብ ዓይኔ ላይ ነበር፤ ሳልፈራ እዚያ ብቀመጥ የሰው ነፍስ በእጄ እንደሚጠፋ አውቃለሁ። የሚያስፈልገኝ ማለፍ ብቻ አልነበረም። መፍራት ነበረብኝ።

ከምዘና በፊት አርባ ቀን እንጾማለን። ከሥጋ አይደለም፣ ከፍርሃት ነው። አስፈሪ ፊልም አናይም፣ ክፉ ወሬ አንሰማም፣ የታመመ እንኳ ሌላ ሰው ልከን ነው የምንጠይቀው። የተጠራቀመ ፍርሃት ለምዘናው ቀን ይፈስሳል ተብሎ ይታመናል። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ። ሌላም ደንብ አለን፤ በእኛ ዘንድ «አይዞሽ» አይባልም። ምዘና ልትገባ የተነሳችን ፈሪ አይዞሽ ማለት ከመርገም ይቆጠራል። ሌላው ሰው የሚጽናናበትን ቃል እኛ ነውር አድርገነዋል።

የምዘና ማዕከሉ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ሁሌም የሚወራው አንድ ነገር ነው። ማን የትኛውን ፊልም ይወዳል፣ የሚያስፈራውስ ምኑ ነው። ለሌላው ሰው ጨዋታ ነው፤ ለእኛ ኑሯችን ነው። ጓደኛዬ ሙአዝ የዓባይ በረሃ ፈሪ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል፣ በምዘና ከሰባ በታች ወርዶ አያውቅም። የእሱ ፊልም ውስጥ አንድ ብቸኛ ሰው ቤቱን ቆልፎ ሥራ ይሄዳል፤ ሲመለስ በሩ እንደተቆለፈ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ግን ትኩስ ሻይ ተቀድቶ ይጠብቀዋል። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን የተቀዳው ሁለት ብርጭቆ ነው። ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል። ሙአዝ ጭራቅ ያለበትን ፊልም ይንቃል፤ ጭራቁ ሲመጣ ቢያንስ ማን እንደመጣ ታውቂያለሽ ይላል። ደም የሚወዱም አሉ። ደም የሚወድ ፈሪ ሦስት ዓመት አይቆይም፤ ሥጋ ቤት እንደሚሠራ ሰው ይለምደዋል።

የእኔን ፊልም ሙአዝ በቃሉ ያውቀዋል፤ ያም ሆኖ ባየኝ ቁጥር ንገሪኝ ይለኛል። እኔ የ2018 ልጅ ነኝ፣ ደብረ ሲና ነው ያደግኩት። ያን ጊዜ እኛ ሰፈር ፊልም ያየ ልጅ ላላዩት ይነግራል። በትምህርት ቤት እረፍት ሰዓት ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርካል፤ አድማጩ ከምሳ ዕቃው ያካፍለዋል። ከሰፈሩ ፊልም ነጋሪዎች አንደኛው ታላቅ ወንድሜ ካሌብ ነበር። የነገረው ፊልም ከታየው ይበልጣል ይባል ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እሱ አሥራ ሁለት። ክረምት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይዘንባል፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ እናታችን ጓዳ ቆሎ ትቆላለች። ካሌብ ስልክ ተውሶ መጥቶ ጋቢ ውስጥ ገባን። እናታችን እንዳትሰማ ድምፁን አጥፍቶታል፤ የሚባባሉትን በጆሮዬ እያንሾካሾከ ይነግረኛል። አንድ ቤተሰብ አዲስ ቤት ተከራይቶ ይገባል። አባት፣ እናት፣ አያት፣ ሁለት ወንዶች። ከገጠር የመጣች ዘመድ ልጅ አለች፤ ምሳና ራት ሲቀርብ በማስታጠቢያ ውሃ ይዛ የምታስታጥባቸው እሷ ናት። ጨዋ ስለሆነች አንገቷን ደፍታ እጅ እጃቸውን ብቻ ነው የምታየው። የአባትየውን እጅ ታውቃለች፣ የአያትየውን እጅ ታውቃለች። አንድ ቀን አምስቱን አስታጥባ ልትነሳ ስትል ሌላ ሁለት እጅ ይዘረጋል። ውሃ ታፈስበታለች። ውሃው ይወርዳል፣ እጁ አይረጥብም።

ፊልሙ በሙሉ ይኸው ነው። በየቀኑ አምስት ሰው፣ የስድስት ሰው እጅ። ማንም ምንም አይልም። ልጅቷ ቀና ማለት ትፈልጋለች፣ ነውር ነው፣ ትፈራለች። በመጨረሻ አንድ ቀን ውሃውን እያፈሰሰች አንገቷን ቀስ አድርጋ ማንሳት ጀመረች። ክንዱን አየች፣ ትከሻውን አየች። ይሄን ጊዜ ካሌብ ስልኩን በመዳፉ ሸፈነብኝ። «አይዞሽ፣ አሁን አትይ» አለኝ። ያየሁት ቀላ ያሉ ጣቶቹን ብቻ ነው። እጁን ሳያነሳ ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠውና አለቀ አለ። ስለ ሁሉም ፊልም ለሳምንት የሚያወራው ልጅ ይሄኛውን ለማንም ነግሮ አያውቅም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ፣ መንገዱ ሲታጠፍ፣ አገሩ ዝም ሲል፣ የሚሰማኝ አንገቷን ቀስ አድርጋ ስታነሳ የተሰማኝ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ እባቡን እንኳ ሳላይ ነው በልጥ የበረየሁት።

ያቺን ፊልም ማንም ፈልጎ አላገኛትም፤ በምዘና ቅጹ ላይ የጻፍነውን ፊልም እያሳየ ፍርሃታችንን የሚለካው ማሽንም አላገኛትም። ስለዚህ ከቅጼ ተነስቶ ራሱ ይሠራልኛል። ፊቱን ስላላየሁት ብዬ ስጽፍለት የገባው ፊቱን ማየት እንደፈለግሁ ነው። በየዓመቱ ፊት ያሳየኛል። አንድ ዓመት ዓይን የሌለው ፊት፣ አንድ ዓመት የራሴን ፊት፣ አንድ ዓመት የሞተውን አባቴን ፊት አምጥቶብኛል፤ በዚያ በጣም ነበር የተከፋሁት። መጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ሰማንያ እደርስ ነበር። ፊቱ ሲበዛ ልኬ እየወረደ መጣ፤ አምና አርባ ሦስት ላይ ነበርኩ። ዘንድሮ ሃያ ሰባተኛው ፊት መጣ። አፉ በጣም ሰፊ ነበር። የመምህሩ ጥርስ ትዝ አለኝና አዘንኩ እንጂ አልፈራሁም። ሠላሳ አንድ።

መዛኟ ሶልያና የምትባል፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያልሞላት ትሁት ልጅ ናት። ቁጥሩን ከነገረችኝ በኋላ ጥፋቱ የሷ ይመስል ወለል ወለሉን አየች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመለሳሉ እትዬ ፌቨን አለችኝ፤ ባለሙያ ናትና አይዞዎት አላለችም።

ለሙአዝ ነገርኩት። የተዳከመ ፍርሃት ከምንጩ ነው የሚታደሰው፣ ደብረ ሲና ሄጄ ካሌብን ያን ቀን ምን እንዳየ እጠይቀዋለሁ አልኩት። ሙአዝ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሃያ ስድስት ዓመት ስንተዋወቅ እንዲያ ተኮሳትሮ አይቼው አላውቅም።

«ፈሪ መጨረሻውን አይጠይቅም፣ ፌቨን» አለኝ። «እኔ ሁለተኛው ብርጭቆ የማን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው ቢመጣ ጆሮዬን ይዤ ነው የምሮጠው። መልሱ ምንም ይሁን ምን፣ ከሰማሽው በኋላ ሥራ የለሽም።»

ልክ ነበር። እኔ ግን ልቤ ሸፈተ፤ ወንድም እያለኝ ማሽን ለምን እለምናለሁ አልኩ።

በሳምንቱ በራሴ መስመር ተሳፋሪ ሆኜ ወረድኩ። ካሌብ አሁን ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ደብረ ሲና መንገድ ዳር የተሰበረ መስታወት ይቀይራል፣ የስልክም የመኪናም የምንም። ሚስቱ ሄራን ሽሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። ሄራን የጥንቱ ወግ አይቅር የምትል ሰው ስለሆነች ለእንግዳ ማስታጠቢያ ታነሳለች። እኔ እጄን ዘረጋሁ። ካሌብ እንደ ልማዱ ተነስቶ ግቢ ካለው ቧንቧ ታጥቦ መጣ። በሠርጉ ቀን እንኳ ሙሽራው ከነካባው ተነስቶ ቧንቧ ፍለጋ ሄዷል፤ እስከ ዛሬ ይሾፍበታል።

ከምሳ በኋላ ሄራን ወደ ሱቁ ወጣች። ስለ ምዘናው ነገርኩት፣ ስለ መምህሩ ጥርስም ነገርኩት። ከዚያ ጠየቅሁት።

«ካሌብ፣ የዚያን ቀን ምን አየህ?»

የትኛውን ቀን ነው አላለኝም። በእጁ የያዛትን ትንሽ መፍቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ መልሶ አነሳት። ከዚያ ሳቀ።

«ምንም» አለ። «ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ጠፋብኝ። ፊልም ነጋሪ ተብዬ መጨረሻውን አላውቅም ልበልሽ? አፈርኩ። በእጄ ሸፍኜ አለቀ አልኩሽ።»

«ባዶ መስታወት ነው የሸፈንከው?»

«ባዶ መስታወት። አይዞሽ ፌቪ፣ ምንም አልነበረም።»

ተናደድኩ ማለት አልችልም። የቆየ ዕቃዬን የወሰዱብኝ መሰለኝ። አርባ ሰባት ዓመት የፈራሁት የጠፋ ስልክ ነው። ባለ ኮፍያውን ያዳንኩት በጠፋ ስልክ ነው። ካሌብ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ፣ አንድ ፌስታል ቆሎ አስያዘኝ፣ አውቶቡሱ ሲነሳ እጁን አወዛወዘልኝ። ስመለስ ጣርማበር ላይ ጉም ወርዶ ነበር። ከፊት የተቀመጠው ፈሪ ላብ በላብ ሆኗል፣ አውቶቡሱ ይጎተታል። እኔ ከኋላ ወንበር ቆሎዬን እበላለሁ። ጉሙ ጉም ነው፣ ገደሉ ገደል ነው። በዚህ በጣም አዘንኩ። ሰው ፍርሃቱ ሲለቀው ደስ ይለዋል እንጂ ያዝናል ወይ ትሉኝ ይሆናል፤ እኔ አዘንኩ።

የቀሩትን ቀናት ልብስ ሳጥብና ግድግዳ ስቀባ ዋልኩ። አልጾምኩም። የሚጠራቀም ነገር እንደሌለኝ አውቃለሁ። ሙአዝ ደወለ፣ የሆነውን ነገርኩት። ነግሬሽ ነበር አላለኝም፤ መናኸሪያው በር ላይ ትኬት ማየት መጥፎ ሥራ አይደለም አለኝ። ወዳጅ ማለት እሱ ነው።

ሁለተኛው ምዘና ቀን ቅጹን ሰጡኝ። የሚወዱት አስፈሪ ፊልም የትኛው ነው? ለሃያ ስምንተኛ ጊዜ «የእጅ ውሃ» ብዬ ማታለል እችል ነበር። መሐረቡ ትዝ አለኝ። እውነቱን ጻፍኩ፦ «ፊልም የለኝም። ክረምት ነበር። ወንድሜ ጋቢ ውስጥ የጠፋ ስልክ በእጁ ሸፈነ።» ሁለተኛውን ጥያቄ ባዶ ተውኩት። ሶልያና አንብባ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እትዬ ፌቨን፣ ይሄ ከገባ ማሽኑ የሚይዘው ነገር አያገኝም እኮ» አለችኝ።

አስገቢው አልኳት። አስገባችው። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ መብራቱ ደበዘዘ።

ማሽኑ የጻፍኩለትን ሠራ። አንድ ክፍል አሳየኝ፣ መስኮቱ የተዘጋ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል። ጋቢው ውስጥ ሁለት ልጆች። ሥራው ሸጋ ነው፤ የቆሎው ጢስ የሚሸት ሁሉ መሰለኝ። ሶልያና ከጎን ቁጥሩን ታያለች፤ እኔም በዓይኔ ጠርዝ አየዋለሁ። ስድስት። አምስት። ልጁ ስልኩን ይዟል፣ ስልኩ ጠፍቷል። ልጁ መዳፉን አነሳና መስታወቱን ሸፈነ። ጨለማ መዳፍ በጨለማ መስታወት ላይ። እንደዚያ ቆመ። የሚጨምረው ነገር አልነበረውም፣ እኔም አልሰጠሁትም።

ማሽን ሲሳሳት ዝም ማለት አልችልም፣ የሙያ ነገር ነው። እጁን ሳየው አንድ ነገር ቅር አለኝ።

«ሶልያና፣ ተሳስቷል» አልኳት። «እጁ እንዲህ ጨለማ አልነበረም። ጣቶቹ ቀይ ነበሩ። በጣቶቹ መካከል ብርሃን...»

አልጨረስኩትም።

መስኮቱ ዝግ ነበር። ጋቢ ውስጥ ነበርን። ሌላ ብርሃን አልነበረም። የካሌብ ጣቶች ከውስጥ እንደተበራ ቀልተው ነበር፤ በአመልካች ጣቱ ላይ ያለችው የቆሎ ጥላሸት እንኳ ተለይታ ትታየኝ ነበር። የጠፋ ስልክ እንዲያ አያበራም። ስልኩ በርቶ ነበር። ልጅቷ አንገቷን አንስታ ነበር። እኔ እጁን አየሁ፣ እሱ ፊቱን አየ።

አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ከዚያ ቧንቧው መጣብኝ። በሠርጉ ቀን ከነካባው። በየለቅሶው፣ በየክርስትናው፣ ሰው ሁሉ እጁን ሲዘረጋ ተነስቶ የሚሄደው ወንድሜ። ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ያለ ልማድ ነበረው ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ አልነበረውም። እናታችን ነበረች የምታስታጥበን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን። አርባ ሰባት ዓመት ማንም ውሃ እንዲያፈስለት አልፈቀደም። ምን አየህ ስለው የትኛውን ቀን አላለኝም፤ መፍቻዋን አስቀመጠ፣ አነሳት፣ ሳቀ፣ አይዞሽ አለኝ። ሽማግሌ ሆኖም እጁን ከስልኩ ላይ አላነሳም።

ሶልያና ከወንበሯ ተነሳች። ግድግዳው ላይ የሚታየው ያው ጋቢ ነው፣ ያው ሁለት ልጆች፣ ምንም የሚሆን ነገር የለም። ሰባ አለች። ሰባ ስምንት። ሰማንያ ስድስት ላይ ማሽኑ እንደ ደንቡ ራሱን አጠፋ። ውሃ አመጣችልኝ። ብርጭቆውን ተቀበልኳት፤ እጄን ማየት ግን አልፈለግሁም።

ያለፈ ሰው ሌላ አንድ ቅጽ ይሞላል፤ ምን አስፈራዎት? ይላል። ሙአዝ ሁሌ «ሻይ» ብሎ ነው የሚጽፈው። እኔ «ወንድሜ ይወደኛል» ብዬ ጻፍኩ። ሶልያና ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ላርመው ወይ አለችኝ። ተይው አልኳት።

ወደ ወንበሬ ተመልሻለሁ። ማክሰኞና ዓርብ ደሴ፣ ረቡዕና ቅዳሜ መልስ። ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ አውቶቡሱ እንደ ድሮው ይጎተታል፤ ተሳፋሪው ያጉረመርማል፤ ደስ ይለኛል። ካሌብን መልሼ ልጠይቀው እችላለሁ። ምን አየህ ብቻ ሳይሆን፣ ለምን ዋሸኸኝ ብዬ፤ ለእኔ ብሎ ነው ወይስ ለራሱ ብሎ። ወይስ ያ የድሮ ፊልም ነጋሪ አንድ ቀን ብርሃኑ ትዝ እንደሚለኝ አውቆ ነው የነገረኝ? አልጠይቀውም። የሥራ ጉዳይ ነው እላለሁ፤ ሙሉ እውነቱ ግን እሱ እስኪያረጅ ድረስ የሸፈነውን እኔ የምገልጥበት ልብ የለኝም።

ባለፈው ማክሰኞ ጣርማበርን ጨርሰን ደብረ ሲና ገባን። ከተማ ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ገደል የለም፣ መንገዱ ወለል ብሎ ይታያል። ካሌብ ሱቁ ደጃፍ ቆሟል፤ አውቶቡሴን ሲያይ እንደ ሁልጊዜው ሰላም ሊለኝ መዳፉን ወደ ላይ ዘረጋ። ፀሐይዋ ከጀርባው ነበረች። ጣቶቹ በጠርዛቸው ቀልተው ታዩኝ።

አውቶቡሱ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሰሌዳው ምክንያቱን ጻፈ። ተሳፋሪው በመስኮቱ ግራና ቀኝ አየ፤ ከኋላዬ የተቀመጠው ወጣት ወደ ፊት ተሳበና ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«ምን አይተው ነው፣ እናቴ?»

«ምንም አላየሁም» አልኩት። እውነቴን ነው።